ነዳጁን ማን ጠጣው?

የነገሩ መነሻ አንድ አጭር የስልክ መልእክት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አጎት በጂቡቲ መስመር የሚሠሩ ሁለት ባለ ተሳቢ ከባድ መኪኖች አሏቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳባቸውን በደብተር የያዙ ሰው ናቸው። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ግን ደብተሩ እንቅልፍ ይነሳቸው ጀመር። የጭነት ዋጋ እንደ ናፍጣው ዋጋ አይጨምርም፤ መሐል ላይ የሚቀጥነው የባለንብረቱ ትርፍ ነው። ስለዚህ የሰው ምክር ሰምተው በአንደኛው መኪና ላይ የጂ.ፒ.ኤስ. መከታተያና ታንክ ውስጥ የሚገባ የነዳጅ ሴንሰር አስገጠሙ።

ብዙም ሳይቆይ ስልካቸው ሌሊት ይጮህ ጀመር። መልእክቱ አጭር ነው፤ «የነዳጅ መቀነስ፣ 24 ሊትር»። የመኪናው ታርጋ፣ ሰዓቱና ቦታው ተጽፎበታል። ቦታው ከአዋሽ ወዲህ ያለች፣ መኪናው ከጂቡቲ ሲመለስ የሚያድርባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በሁለተኛው ጉዞ 23 ሊትር ተባለ። በሦስተኛው ጉዞ እንደገና 24። ሦስቱም ጊዜ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ሞተር ካጠፋ በኋላ ነው።

ሾፌሩ ከአጎቴ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ማለ፣ ተገዘተ። ረዳቱም ማለ። አጎቴ የሚጮሁ ሰው አይደሉም፤ ቁልፉን ብቻ ተቀበሉት። በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ አንባብያን እንደሚያውቁት «በነዳጅ ተባረረ» የተባለ ሾፌር ወሬው ከእሱ ቀድሞ ተራ ይደርሳል። ባለንብረቶች እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ ማንም ቁልፍ አይሰጠውም።

ሌሊት ሰርቆ ጠዋት የሚመልስ ሌባ

አጎቴ ወደ እኔ የመጡት ሾፌሩን ነጻ ላወጣላቸው አልነበረም። ኢኮኖሚክስ ተምረሃልና በጠቅላላው ስንት ሊትር እንደጠፋ ደምርልኝ ብለው ነው። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት በየወሩ የሚያወጣውን ዝርዝር አስመጣን። በአጭር መልእክት የሚመጣው «መቀነስ» የሚለው ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን «መጨመር»ም አለ። በሦስቱም ጉዞዎች በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ከከተማዋ ወጥቶ ሜዳው ላይ እንደደረሰ፣ «ነዳጅ ተቀድቷል፣ 23 ሊትር» የሚል መስመር ተጽፏል። በቦታው ማደያ የለም። ደረሰኝም የለም።

እንግዲህ ይህ ሌባ ሌሊት ቀድቶ ሲነጋ መልሶ የሚያፈስ ሌባ ነው ማለት ነው።

ምስጢሩ ያለው ታንኩ ውስጥ ነው። የመኪናው ታንክ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 55፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሙሉው ወደ 396 ሊትር ይይዛል። ከፍታው በአንድ ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 6.6 ሊትር ወረደ ይባላል። የገጠመው ባለሙያ ሴንሰሩን ያስገባው በታንኩ መሐል ሳይሆን ወደ ፊት ጠርዝ ተጠግቶ ነው፤ ምናልባት መሐሉን መብሳት አስቸግሮት ይሆናል። ሾፌሩ የሚያድርበት ምግብ ቤት ደጅ ደግሞ ዳገት ነው። መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ሲቆም ናፍጣው ወደ ኋላ ይሸሻል። በየመቶ ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ፣ ከመሐል እስከ ጠርዝ ባለው 60 ሴንቲ ሜትር፣ የነዳጁ ወለል በ3.6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። 3.6 በ6.6 ሲባዛ 24 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

አንዲት ጠብታ አልጠፋችም። ሴንሰሩም አልተበላሸም፤ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። የተጠየቀው ግን ነዳጁ ጠርዙ ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደደረሰ ነው። አጎቴ ማወቅ የፈለጉት ስንት ሊትር እንዳለ ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ባለው ክፍተት የአንድ ሰው እንጀራ ወደቀ።

አካል የሌለው ሴንሰር

ዕቃው ከበይነ መረብ ጋር ተገናኝቶ ራሱ የሚናገርበት ይህ አሠራር «ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ» ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1999 የሰጠው ኬቨን አሽተን የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በወቅቱ ይሠራ የነበረው ለሳሙናና ለመዋቢያ አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነበር። ያስጨንቀው የነበረውም የሱቅ መደርደሪያ ላይ የትኛው ዕቃ እንዳለቀ የማወቅ ጉዳይ ነው። ቴክኖሎጂው ከመጀመሪያውም ገበያ ውስጥ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በእኛም አገር የአበባ ማቀዝቀዣ፣ የክትባት ፍሪጅ፣ ጄኔሬተርና ከባድ መኪና በሲም ካርድ ያወራሉ።

ይሁን እንጂ ገበያው የሚሸጠው ሴንሰር ብቻ ሲሆን ገዢው የሚያስበው እውነት እንደገዛ ነው። ሴንሰር ይሞቃል፣ ይቆሽሻል፣ ገመዱ ይላቀቃል፣ እንደ አጎቴ መኪና ያለቦታውም ይገጠማል። ታንክ ውስጥ የሚገባው የተለመደው ዓይነት በሁለት ቱቦዎች መካከል ያለውን ፈሳሽ የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው የሚለካው። ናፍጣው ውስጥ ጥቂት ውኃ ከገባ ንባቡ ይቃወሳል፤ ምክንያቱም ውኃ በዚያ መለኪያ ከናፍጣ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሻጩ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሴንሰር ይጨመር የሚል ነው። ለአጎቴም የቀረበላቸው ሐሳብ ይኸው ነበር።

አማራጩ «ቨርቹዋል ሴንሰር» ይባላል። አካል የለውም፤ አይገጠምም፤ አይላቀቅም። ሌሎች መሣሪያዎች ከሚያመጡት ቁጥር ተነስቶ፣ በቀጥታ ያልተለካውን ነገር የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። በአጎቴ መኪና ላይ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም ነበር። መከታተያው ሳጥን ውስጥ የመኪናውን ንዝረትና ዘንበል ማለት የሚያውቅ ትንሽ መለኪያ አለ፤ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና ቦታውን ደግሞ ጂ.ፒ.ኤስ. ያመጣል። መኪናው በምን ያህል ዳገት ላይ እንደቆመ ከታወቀ የታንኩን ንባብ ማቃናት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብ ነው። መረጃው ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። የጎደለው ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስታርቅ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቨርቹዋል ሴንሰር ለኛ ሾፌሮች አዲስ ነገር አይደለም። የነዳጅ ጌጁ ከሞተ ዓመታት ያለፈውን ኤን 3 ፊያት እየነዳ ጂቡቲ የወረደ ሰው ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞት ይዞር ነበር። ስንት ኪሎ ሜትር ሄድኩ፣ ምን ያህል ጭኛለሁ፣ ከፊቴ ምን አቀበት አለ ብሎ የቀረውን ናፍጣ ይገምታል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። የአጎቴ ደብተርም ያው ነው። «በአንድ ሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» የምትለዋ ዓምድ ያለ ሽቦ የምትሠራ ሴንሰር ናት።

ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው ይህንኑ በየደቂቃው፣ ሳይደክመው ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ከጂቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ያለው ከፍታ 2,300 ሜትር ያህል ነው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪናን ወደዚህ ከፍታ ማውጣት በፊዚክስ ሕግ 250 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት ይጠይቃል። አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ቢይዝም ሞተሩ ወደ ሥራ የሚለውጠው 40 በመቶውን ያህል ነው። ስለዚህ መንገዱና ንፋሱ ከሚጠይቁት በላይ፣ ለአቀበቱ ብቻ ከ60 ሊትር በላይ ይቃጠላል። ባዶውን የሚወርደውንና ተጭኖ የሚወጣውን መኪና በአንድ አማካይ የሚዳኝ ባለንብረት ሾፌሩን በየጉዞው ይበድላል ማለት ነው።

ሙቀቱም አለ። ናፍጣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመቶ 0.08 ያህል ይሰፋል። በአዲስ አበባ ጠዋት በ15 ዲግሪ የተሞላ 400 ሊትር አፋር ሜዳ ላይ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ የሚነደው ቢቀነስለት፣ 8 ሊትር ጨምሮ ይታያል። ወደ ደጋ ሲመለስ ደግሞ ያው 8 ሊትር «ይጠፋል»። መጨመሩን ማንም አይከስም፤ መጥፋቱን ግን የሚከሰስበት ሰው አለ።

አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ሌላ ምስክር ይገኛል። የሞተሩ ኮምፒዩተር ናፍጣ የሚረጩት አፍንጫዎች ለምን ያህል ቅጽበት እንደተከፈቱ ስለሚያውቅ፣ ከዚያ ተነስቶ የተቃጠለውን ነዳጅ ያሰላል። ታንኩን ሳያይ ማለት ነው። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ መቀዳት ግዴታ ከሆነበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየማደያው የተከፈለው ገንዘብ ሰዓቱና ቦታው ተመዝግቦ ይገኛል። የተቀዳው ታወቀ፣ የተቃጠለው ታወቀ፤ የቀረው የመቀነስ ጉዳይ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ሴንሰር ከዚህ ሒሳብ ጋር ከተስማማ ጥሩ፤ ካልተስማማ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ ሰው ከመጠርጠር በፊት መሣሪያ ይጠረጠር።

ሁለት የማይስማሙ ቁጥሮችን እንዴት ማስታረቅ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1960 ዘዴውን ያቀረበው በሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ሩዶልፍ ካልማን ነው። ስሌቱ የአፖሎን መንኮራኩሮች ወደ ጨረቃ ለመምራት ውሏል። ሐሳቡን ግን አማኑኤል እህል በረንዳ ያለ ማንኛውም ነጋዴ ያውቀዋል። ነጋዴው የትናንቱን የጤፍ ዋጋና የወቅቱን ሁኔታ ይዞ ዛሬ ስንት ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ደላላው ደውሎ ሌላ ዋጋ ይነግረዋል። ነጋዴው ግምቱንም አይጥል፣ ደላላውንም ሙሉ በሙሉ አያምን፤ እንደ ሰውየው ታማኝነት እየመዘነ መሐል ላይ ይቆማል። ደላላው ደጋግሞ ከዋሸ ክብደቱ ይቀንሳል። ካልማን ይህን በቀመር አስቀመጠው።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም

የነዳጅ ጉዳይ ቢበዛ ገንዘብና ስም ነው። ሴንሰርን ብቻውን ማመን የት ድረስ ሊወስድ እንደሚችል ግን ከኢትዮጵያ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ስድስት ደቂቃ ሳይሞላው ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018፣ ተመሳሳይ የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል።

በአውሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ፣ ክንፉ አየሩን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንደሚያሳየው አውሮፕላኑ እንደተነሳ የግራው ንባብ ወደ 74.5 ዲግሪ ተተኮሰ፤ የቀኙ በዚያው ሰዓት ከ15.3 አላለፈም። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ኤም.ካስ. የተባለው ፕሮግራም በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር። ያዳመጠውም የግራውን ነው። የግራው ሴንሰር ለምን እንደተሳሳተ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መርማሪዎች እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ፕሮግራሙ ለምን አመነው የሚለው ግን የሚያከራክር አልነበረም።

ቦይንግ ማሻሻያ ሲያደርግ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ሴንሰሮች እንዲያነጻጽርና በ5.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተለያዩ ራሱን እንዲያገል አደረገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ግን ጉድለት አለበት። ሁለት ምስክር ሲለያይ አንዱ መዋሸቱ ይታወቃል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይታወቅም። ለዚህ ነው የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 እገዳውን ሲያነሳ ቦይንግ ለወደፊቱ ተጨማሪ የማዕዘን ምንጭ እንዲጨምር ያስማማው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ባወጣችው ሕግ ይኸው ማሻሻያ፣ የማክስ 10 ፈቃድ መገኘትን ተከትሎ፣ በአዲሶቹም ሆነ ቀድሞ በበረሩት ማክሶች ላይ እንዲገባ ደነገገች። ሦስተኛው ምንጭ ሌላ ብረት አይደለም። ከሌሎቹ የአውሮፕላኑ መረጃዎች ተሰልቶ የሚገኝ ማዕዘን ነው። ቨርቹዋል ሴንሰር ማለት ይህ ነው።

የሚያስቆጨው፣ ዘዴው በራሱ በቦይንግ ቤት ቀድሞ የነበረ መሆኑ ነው። ድሪምላይነር የተባለው 787 አውሮፕላን የአየር ፍጥነት መለኪያዎቹ ቢበላሹበት ከክብደቱ፣ ከማዕዘኑና ከእንቅስቃሴ መለኪያዎቹ ተነስቶ ፍጥነቱን ያሰላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ያንኑ አውሮፕላን ነው።

ሌላ ተመሳሳይ ብረት መጨመር ብቻውን መልስ የማይሆንበትን ምክንያት ሌላ አደጋ ያሳያል። አንድ ሴንሰር ከመቶ ቀን አንድ ቀን ይሳሳታል እንበል። ሁለት ብናደርግ፣ በአንድ ቀን አብረው የሚሳሳቱት ከአሥር ሺህ ቀን አንዴ ነው ብለን እንደሰታለን። ሒሳቡ የሚሠራው ግን የሁለቱ ስሕተት የማይገናኝ ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 አትላንቲክ ላይ በወደቀው የኤር ፍራንስ በረራ 447 የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም በአንድ ደመና ውስጥ በበረዶ ተደፈኑ፤ 228 ሰዎች ሞቱ። አንድ ቤት የበሉ፣ አንድ ብርድ የሚመታቸው ምስክሮች ሦስት ቢሆኑም ቃላቸው እንደ አንድ ይቆጠራል። የቨርቹዋል ሴንሰር ጥቅሙ ርካሽ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ የሚሳሳትበት ምክንያት ከብረቱ የተለየ መሆኑ ነው።

በመኪናም ቢሆን ነገሩ ከነዳጅ ያለፈ ነው። በአውሮፓ ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች በሙሉ የጎማ አየር መቀነስን እንዲያስጠነቅቁ ይገደዳሉ። አንዳንድ አምራቾች በየጎማው ውስጥ ባትሪ ያለው ሴንሰር ከመክተት ይልቅ ለፍሬን የተገጠመውን የጎማ ፍጥነት መለኪያ ተጠቀሙ። አየር የቀነሰ ጎማ ዙሪያው በጥቂቱ ስለሚያንስ ከጓደኞቹ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ ኮምፒዩተሩ ያንን ይይዛል። ባትሪ የለ፣ ጎሚስታ የሚሰብረው ዕቃ የለ። ግን አራቱም ጎማ እኩል አየር ከጎደላቸው በመዞር ብቻ የሚፈርደው ዓይነት ምንም አይናገርም።

ስሌቱም ይዋሻል

ከዚህ የምንረዳው ስሌቱም የራሱ ውሸት እንዳለው ነው። ቨርቹዋል ሴንሰር የሚሠራው በተማረው ዓለም ውስጥ ነው። የመኪናው ጎማ በሌላ መጠን ተቀየረ፣ ኢንጀክተሩ አረጀ፣ ከተፈቀደው በላይ ተጫነ እንበል፤ ትናንት የተስተካከለው ቀመር ዛሬ ሌላ መኪና ላይ እየፈረደ ነው። የሚመገበው መረጃ ከተበላሸም ስሌቱ ስሕተቱን አጣጥፎ ንጹሕ አስመስሎ ያቀርበዋል። ብረት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ያስታውቃል፤ ዜሮ ይላል፣ ይዘላል። ስሌት ሲሳሳት ግን ለስላሳ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ግምቱ እንደ ልኬት ሆኖ ሲቀርብ ነው። በአፋር በረሃ ኔትወርክ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ መከታተያው መረጃውን በጉያው ይይዝና ኔትወርክ ሲያገኝ ያራግፋል። በመሐሉ ባለንብረቱ ስክሪኑ ላይ የሚያየው የነዳጅ መጠን ከሦስት ሰዓት በፊት የነበረው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፕሮግራሙ የገመተው። ግምት መሙላቱ ጥሩ ነው፤ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ሆኖም የተለካውና የተሰላው በአንድ ቀለም መጻፍ የለባቸውም። ይህ የጥቂት መስመር ፕሮግራም ሥራ ነው፤ የማይሠራበትን ምክንያት የገበያው ጠባይ ካልሆነ በቀር ሌላ ማግኘት አልቻልኩም።

የገበያው ጠባይ ስል ምን ማለቴ ነው? አገልግሎቱ የሚሸጠው በማስጠንቀቂያ ብዛት ነው። ለባለንብረቱ በወሩ ምንም መልእክት ካልመጣለት ለምን እከፍላለሁ ይላል፤ ሌሊት ሌሊት ስልኩ ከጮኸ ግን ገንዘቡ እየሠራ እንደሆነ ይሰማዋል። ሴንሰሩ ያልያዘው ስርቆት ባለንብረቱን ይጎዳዋል፤ ስለዚህ አምርሮ ይጠይቃል። ሴንሰሩ ሳይኖር የያዘው ስርቆት የሚጎዳው ሾፌሩን ነው። ሾፌሩ ደግሞ የውሉ ተዋዋይ አይደለም፤ ስክሪኑን አያይም፤ ይግባኝ የሚልበት መስኮት የለውም። የአንዱ ስሕተት ሒሳብ ለሻጩ ይደርሳል፣ የሌላው አይደርስም። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ የትኛው ስሕተት ሊበዛ እንደሚችል ለመገመት የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም።

ስለዚህ ገዢ የሆኑ አንባብያን ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ሻጩን ቢጠይቁት የሚጠቅማቸው ነገር አለ። ዳገት ላይ ቆሜ ምን ያነባል? በሙቀት የሰፋውን ያስተካክላል ወይ? «መቀነስ» ብሎ መልእክት ሲልክ «መጨመር»ንም በዚያው መንገድ ይልካል ወይ? የታንኩ ንባብ ከማደያው ክፍያና ከተነዳው ኪሎ ሜትር ጋር ባይስማማ ማንን ይከሳል? እነዚህን ሲጠየቅ ስለ ሴንሰሩ አገር ስሪት ማውራት የሚጀምር ሻጭ ካጋጠመዎ ሌላ ሱቅ ይሞክሩ። በአጎቴ ጉዳይ ድርጅቱ ስሕተቱን በጽሑፍ አላመነም። ሴንሰሩን ግን በነጻ ወደ ታንኩ መሐል አዛውሮ ገጥሟል፤ የዳገቱን ስሌት ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባለሁም ብሏል።

አጎቴ ደብተራቸውን አውጥተው የአሥራ አንድ ዓመቱን የሾፌሩን ጉዞዎች ዘለግ ላለ ሰዓት አገላበጡ። በሊትር የሄደው ኪሎ ሜትር፣ መኪናው ባረጀ ቁጥር ጥቂት ከመውረዱ በቀር፣ አንድም ጊዜ አልተዛነፈም። ያ ደብተር ከሴንሰሩ በፊትም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ይህን ሳስታውሳቸው መልስ አልሰጡኝም።

ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ሾፌሩ ቤት የሄዱት በቀጣዩ እሑድ ነው። ሰውየው ለሦስት ሳምንት ያህል ሥራ አላገኘም ነበር፤ የጠየቃቸው ባለንብረቶች ሁሉ ስልክ አንደውልልህ ብለው ቀርተዋል። ቡናው ተፈልቶ እስኪጠጣ ብዙም አልተናገረም። ለመመለስ የጠየቀው የደመወዝ ጭማሪ አልነበረም። ለአጎቴ የሚላከው መልእክት ሁሉ፣ መቀነሱም መጨመሩም፣ በዚያው ደቂቃ ለእሱም ስልክ እንዲደርሰው ነው። አጎቴ ተስማሙ። ያለፈው ሳምንት ጉዞ ላይ ሌሊት አራት ሰዓት ገደማ የሁለቱም ስልክ ጮኸ። አጎቴ ደወሉለት፤ እሱ አስቀድሞ ወርዶ ታንኩን በባትሪ እያየ ነበር፤ ክዳኑም ቁልፉም እንዳሉ ናቸው አላቸው። ድርጅቱ የዳገቱን ስሌት እስካሁን አላስገባም።